ክርስቲያን ሾንባይንና የደም አረፋ

ስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ሾንባይን በ1799 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን፣ ሜትሲንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጨርቅ እያቀለመ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ስለ ነበር፣ ልጁ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ገደማ በመድኃኒትና በኬሚካል መሥሪያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ከ1828 ጀምሮ በስዊስ አገር በባዝል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

ዓለም የሚያውቀው በኦዞንና በ1846 ባስታወቀው በሚፈነዳው ጥጥ ነው። ጥጡ ግን ሕይወት አስከፍሏል፤ በ1847 በእንግሊዝ አገር በፋቨርሻም የነበረው ፋብሪካ ፈንድቶ ሃያ ያህል ሰዎች አለቁ።

እኔን የሳበኝ ብዙ የማይነገርለት ሥራው ነው። ሾንባይን ኦክሲጂን እንዴት ለሥራ እንደሚነሣሣ ዘወትር ይመራመር ነበር። ጓያኩም ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ሙጫ ከኦክሲጂን ጋር ሲዋሐድ ሰማያዊ ይሆናል። ሙጫውን ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ቢቀላቅሉት ግን ቶሎ አይለወጥም፤ ጥቂት ደም ሲጨመርበት ወዲያው ይሰመያል። በ1862 የሆላንዱ ቫን ዴን ይህን የደም መፈተኛ አደረገው። በዓመቱም ሾንባይን ደም በፐርኦክሳይድ ላይ ሲንጠባጠብ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ። ቁስሉ በዚህ መድኃኒት የታጠበለት ሁሉ አረፋውን አይቶታል። በተከሳሽ ልብስ ላይ ያለው ነጠብጣብ ደም ይሁን ዝገት መለየት ለአንድ ሰው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ሾንባይን የደምን ሥራ ከፕላቲን ጋር አመሳሰለው፤ ሁለቱም ራሳቸው ሳያልቁ ሌላውን ያሠራሉና። ዛሬ እንደሚታወቀው አረፋውን በአብዛኛው የሚያወጣው ካታሌዝ የተባለ ኤንዛይም ሲሆን፣ ሰማያዊውን ቀለም የሚያመጣው በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ነው። ሄሞግሎቢን ኦክሲጂን ተሸካሚ፣ በጡንቻ ያለው ማዮግሎቢንም ኦክሲጂን አስቀማጭ ነው፤ ፐርኦክሳይድ ሲያገኙ ግን ሁለቱም እንደ ኤንዛይም ይሠራሉ። ጡንቻ ክፉኛ ሲጨፈለቅ ወደ ኩላሊት የሚፈሰው ማዮግሎቢን በዚሁ ጠባዩ ጭምር ጉዳት ያደርሳል። የአንዳንድ አትክልት ጭማቂም ሙጫውን ሰማያዊ ስለሚያደርግ፣ ፈተናው ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

ሾንባይን ኦክሲጂን ኦዞንና አንቶዞን የተባሉ ሁለት ተቃራኒ መልኮች አሉት ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ተሳስቷል። ዓይኑ ያየው ግን ትክክል ነበር። በ1868 በባደን ባደን አጠገብ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ።