የፀሐይ ኃይል ፈር ቀዳጅ ኤድሞን ቤኬሬል

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድሞን ቤኬሬል እ.ኤ.አ. በ1820 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። ገና በ19 ዓመታቸው፣ በ1839፣ በአባታቸው ቤተ ሙከራ ባካሄዱት ምርምር አሲድ ውስጥ በተነከሩ የፕላቲነም ሰሌዳዎች ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሪክ እንደሚመነጭ አረጋገጡ።

ይሁን እንጂ ግኝታቸው ለአገልግሎት ሲውል ለማየት አልታደሉም። ሊቁ በ1891 ያረፉ ሲሆን፣ ለሥራ የበቃው የሲሊከን የፀሐይ ሰሌዳ በአሜሪካ ይፋ የሆነው ከ63 ዓመታት በኋላ በ1954 ነው።

ዛሬ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ከሚከላከል መቆጣጠሪያ ጋር ተገጥሞ፣ የሸራ ጀልባን ባትሪ ይሞላል። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ቤትም በዚሁ ዘዴ ሌሊቱን መብራት ያገኛል። የቤኬሬል ሕይወት የምርምር ፍሬ ቢዘገይም ከንቱ እንደማይቀር ያመለክታል።