በገመድ ታስሮ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈው ኤድ ኋይት

 

ኤድ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አድጎ የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ ከዚያም ጠፈርተኛ ሆነ። በ1965 ከጀሚኒ 4 መንኮራኩር ወጥቶ 20 ደቂቃ ያህል ጠፈር ላይ ተንሳፈፈ። ከአሜሪካ የመጀመሪያው እሱ ነው። ድሮ እኛ አገር ሰባራ ድልድይ ላይ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ዓባይን ይሻገር የለ? እሱንም ከመንኮራኩሩ ጋር ያያዘው ገመድ ነበር። ሲመለስ በሩ አልዘጋ ብሎ አስቸገረ፤ እንደ ምንም ተዘጋ።

የሚገርመው ግን የሞተው ጠፈር ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ፣ ልምምድ ላይ ነው። በ1967 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አፖሎ መንኮራኩር ውስጥ ሆነው ሲለማመዱ እሳት ተነሳ። ሮኬቱ ነዳጅ ስላልነበረው ልምምዱን አደገኛ ነው ያለ አልነበረም። ውስጡ ግን ንጹህ ኦክስጅን ስለነበር እሳቱ ቶሎ ተዛመተ። በሩን መክፈት የኋይት ሥራ ነበር። ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ ግፊቱ አላስከፍት አለው። ሦስቱም ሞቱ።

ከዚያ በኋላ በሩ ወደ ውጭ፣ ቶሎ የሚከፈት ተደረገ። ዛሬ ጠፈርተኞች ትልቅ ገንዳ ውስጥ ውኃ ስር ሲለማመዱ ጠላቂ ዋናተኞች ከአጠገባቸው አይለዩም።

እኛስ? ዋና ልንለማመድ ብለን ብቻችንን ወንዝ እንገባለን። ልምምድም ጠባቂ ይፈልጋል።