ኤድዋርድ ጄነር፦ የክትባት ጀማሪ ሕይወትና ለዛሬው የሕፃናት ክትባት ያቆዩት ትምህርት

ፈንጣጣ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ገጽ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ብቸኛው የሰዎች ተላላፊ በሽታ ነው። ለዚህ ውጤት መሠረቱን የጣሉት ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት የኖሩት እንግሊዛዊው የገጠር ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ናቸው። የእኚህ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ክትባት እንዴት እንደተጀመረ ከማስረዳቱም በላይ፣ በርካታ ወላጆች ለሚያነሱት አንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ጥያቄውም አንድ ጊዜ የተከተበ ሕፃን ለምን ደጋግሞ ወደ ጤና ተቋም መመለስ እንደሚያስፈልገው የሚመለከት ነው።

ልጅነት

ጄነር እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1749 በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር ግዛት፣ በርክሊ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። ለቤተሰቡ ስምንተኛ ልጅ የሆኑት ጄነር ገና በአምስት ዓመታቸው አባታቸውን በሞት በማጣታቸው በታላላቆቻቸው እጅ አደጉ።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በአውሮፓ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመት መቅሠፍት ነበር። በከባድ ዓይነቱ ከተያዙ ሰዎች መካከል በአማካይ ከዐሥሩ ሦስቱን ይገድላል፤ ከሞት የተረፉትንም ፊታቸውን በጠባሳ ያበላሻል፣ ብዙዎችንም ዓይነ ስውር ያደርጋል። የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም። መከላከያ ተብሎ የሚታወቀው ዘዴ ከታማሚ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ጭሮ ማስገባት ነበር። በዚህ መንገድ የሚመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ቢሆንም፣ እውነተኛ ፈንጣጣ በመሆኑ የሚሞቱ ሰዎች ነበሩ፤ የተከተበውም ሰው በሽታውን ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችል ነበር።

ጄነርም በስምንት ዓመታቸው ይኸው ተደረገላቸው። በጊዜው ልማድ መሠረት አስቀድሞ ለሳምንታት ምግብ ተከለከሉ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ደማቸውም ተቀዳ። ከዚያም ከሌሎች ሕፃናት ጋር በበረት ውስጥ ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ይህ የልጅነት ሥቃይ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከአእምሯቸው አልጠፋም።

ትምህርትና የሐኪምነት ሥራ

ጄነር በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ በአካባቢው ከነበረ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ በተለማማጅነት ገቡ። በ21 ዓመታቸው ወደ ለንደን ሄደው በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በታዋቂው የቀዶ ሕክምናና የሥነ አካል ሊቅ በጆን ሀንተር ሥር ተማሩ። ሀንተር ተማሪዎቻቸው ከግምት ይልቅ ሙከራንና ትዕግሥት የተሞላበትን ምልከታ እንዲያስቀድሙ ያስተምሩ ስለነበር፣ ይህ ሥርዓት በጄነር ላይ ጠልቆ ቀረ።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በለንደን የመቅረት ዕድል ቢኖራቸውም ወደ በርክሊ ተመልሰው የገጠሩን ሕዝብ ማከም መረጡ። በትርፍ ጊዜያቸው የአእዋፍን ጠባይ ያጠኑ ነበር። ኩኩ የተባለችው ወፍ ጫጩት የሌሎችን አእዋፍ ጫጩቶች ከጎጇቸው ገፍትራ እንደምትጥል በማስረዳታቸው እ.ኤ.አ. በ1789 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን በቁ።

የላም አላቢዎቹ ዕውቀት

በግሎስተርሻየር ገበሬዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን የቆየ አንድ ዕውቀት ነበር። ላሞች በጡታቸው ላይ የሚወጣ፣ የላም ፈንጣጣ የሚባል ቀላል በሽታ ይይዛቸዋል። በሽታው ወደ አላቢዎች እጅ ተላልፎ ጥቂት ቁስል ካወጣ በኋላ ይድናል፤ እነዚያ አላቢዎች ግን ከዚያ ወዲያ በሰው ፈንጣጣ አይያዙም። ቤንጃሚን ጀስቲ የተባለ ገበሬ ከጄነር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1774፣ በዚህ ዕውቀት ተመርቶ ባለቤቱንና ልጆቹን በላም ፈንጣጣ ከትቦ ነበር። ሆኖም ውጤቱን በጽሑፍ አላሠፈረም፤ ለሌሎችም አላሳወቀም። የጄነር ድርሻ የሕዝቡን ዕውቀት ሳይንቁ መቀበል፣ በሙከራ ማረጋገጥ፣ መዝግቦ መያዝና ለዓለም ማሳወቅ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1796 ጄነር ሳራ ኔልምስ ከተባለች ላም አላቢ እጅ ላይ ከነበረ የላም ፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወሰዱ፤ የአትክልተኛቸው ልጅ የሆነውን የስምንት ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ክንድ ቆዳ ጥቂት ጭረው ከተቡት። ልጁ ቀላል ትኩሳት ተሰምቶት ከቀናት በኋላ ዳነ። በጁላይ ወር መጀመሪያ ላይ ጄነር ይህንኑ ልጅ ከእውነተኛ ፈንጣጣ በተወሰደ ፈሳሽ ከተቡት፤ በሽታው ግን አልያዘውም።

እንዲህ ያለው ሙከራ በዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር ፈጽሞ የሚፈቀድ አይደለም። ዛሬ ማንኛውም ክትባት ለሕፃናት ከመሰጠቱ በፊት በቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎም በፈቃደኞች ላይ ደረጃ በደረጃ ይፈተናል፤ የወላጅ ፈቃድም ግዴታ ነው።

ተቃውሞና ተቀባይነት

ጄነር የመጀመሪያ ዘገባቸውን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ቢያቀርቡም ማስረጃው አነስተኛ ነው ተብሎ ሳይታተም ቀረ። ተስፋ ሳይቆርጡ ተጨማሪ ሰዎችን፣ ከእነርሱም መካከል የ11 ወር ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን ሮበርትን አካተው፣ እ.ኤ.አ. በ1798 የ23 ሰዎችን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ክትባት የሚጠራበት ቃል ላም ከሚለው የላቲን ቃል የወጣው ከዚህ ሥራቸው የተነሣ ነው።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ከአሮጌው ዘዴ የሚያገኙት ገቢ እንዳይቀርባቸው ሠጉ፤ አንዳንዶች ከእንስሳ የመጣ ነገር በሰው ገላ መግባቱን ተጸየፉ። የተከተቡ ሰዎች የላም አካል ሲያበቅሉ የሚያሳይ የፌዝ ሥዕልም እ.ኤ.አ. በ1802 በለንደን ታትሞ ተሠራጨ። ጄነር ለነቀፋው በዋናነት የሰጡት መልስ መዝገብና ውጤት ነበር። በቤታቸው አትክልት ሥፍራ ባለች አንዲት ጎጆም ድኾችን ያለ ክፍያ ይከትቡ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ድካማቸውንና ወጪያቸውን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1802 ዐሥር ሺህ ፓውንድ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሃያ ሺህ ፓውንድ ሸልሟቸዋል።

ክትባቱን ወደ ሩቅ አገር ማድረስ ሌላው ችግር ነበር። በዘመኑ ማቀዝቀዣ ስላልነበረ ፈሳሹ በመንገድ ላይ ኃይሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1803 ከስፔን ወደ አሜሪካ አህጉር የተጓዘው የሐኪሙ የባልሚስ ቡድን ለዚህ መፍትሔ ያደረገው 22 ወላጅ አልባ ሕፃናትን በመርከብ ይዞ ክትባቱን ከአንዱ ልጅ ክንድ ወደ ሌላው ማስተላለፍን ነበር። ዛሬ ይህን ሸክም የሚወጣው ከፋብሪካ እስከ ጤና ኬላ የተዘረጋው የቅዝቃዜ ሰንሰለት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ተጠብቀው ይጓዛሉ።

የጄነር ሐዘንና ስሕተት

ዓለምን ከፈንጣጣ የሚያድን መንገድ ያሳዩት ሐኪም በገዛ ቤታቸው የሳንባ ነቀርሳን ማቆም አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1810 የመጀመሪያ ልጃቸው ኤድዋርድ፣ በ1815 ደግሞ ባለቤታቸው ካትሪን በዚሁ በሽታ ሞቱ። ጄነር ከዚያ በኋላ ከአደባባይ ሕይወት ራቁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1823 በ73 ዓመታቸው በበርክሊ ዐረፉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው እርሳቸው ካረፉ ከ98 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር።

ጄነር አንድ ነገር ተሳስተዋል። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከፈንጣጣ እንደሚጠበቅ ያምኑ ነበር። ከሞታቸው በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን በሕፃንነታቸው የተከተቡ አንዳንድ ሰዎች በጎልማሳነታቸው በፈንጣጣ መያዛቸው ታየ። በዚህም የተነሣ የጀርመን ግዛቶች ወታደሮቻቸውን እንደገና መከተብ ጀመሩ፤ በሽታውም በእነርሱ ዘንድ እየቀነሰ ሄደ። ክትባቱ ዋጋ ቢስ አልነበረም፤ መደገም ብቻ ያስፈልገው ነበር።

በሕፃናት የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አንዳንድ ክትባቶች በዶዝ ተከፋፍለው የሚሰጡት ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች በተገኘው ዕውቀት ነው። በአንዳንዶቹ የመጀመሪያው ዶዝ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያነቃቃል፤ ቀጣዮቹ ያጠነክሩታል። በሌሎች ደግሞ ተጨማሪው ዶዝ በመጀመሪያው በቂ መከላከያ ያላገኙትን ሕፃናት ይደርስላቸዋል። ለምሳሌ በ9 ወራቸው የኩፍኝ ክትባት ከሚወስዱ ሕፃናት መካከል በቂ መከላከያ የሚያገኙት 85 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሁለተኛው ዶዝ የሚያስፈልገው ለቀሩት ነው።

ፈንጣጣ በኢትዮጵያ

በአገራችንም ከፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን ሰው መከተብ ለብዙ ዘመን የታወቀ የባህል ሕክምና ነበር። ልማዱ በአንዳንድ አካባቢዎች እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ዘልቋል። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎችን መዝግቧል። የዘመቻው ሠራተኞች ተራራና በረሃ በእግር አቋርጠው፣ መንደር ለመንደር ታማሚ እየፈለጉ፣ በታማሚው ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ታማሚ እ.ኤ.አ. በ1977 በሶማሊያ ተመዘገበ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በሜይ 1980 ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ዘመን፣ በ1972 ዓ.ም.፣ የሕፃናት መደበኛ የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ ተጀመረ።

የሕፃናት ክትባት በአሁኑ ጊዜ

በመደበኛው ፕሮግራም መሠረት ሕፃናት የሚከተሉትን ክትባቶች ይወስዳሉ፦

• እንደተወለዱ፦ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ። ቢሲጂ ሕፃናትን በተለይ ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ይጠብቃል።
• በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው፦ የፖሊዮ ጠብታ፣ የሳንባ ምችን የሚከላከለው ፒሲቪ እና ፔንታቫለንት። ፔንታቫለንት ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢን እና ሂብ የተባለውን ተሕዋስ በአንድነት ይከላከላል።
• በ6 እና በ10 ሳምንታቸው፦ ከባድ ተቅማጥን የሚከላከለው የሮታ ክትባት።
• በ14 ሳምንታቸው፦ በመርፌ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት።
• በ9 እና በ15 ወራቸው፦ የኩፍኝ ክትባት።

መርሐ ግብሩ በየጊዜው አዳዲስ ክትባቶች የሚጨመሩበት በመሆኑ፣ ወላጆች ወቅታዊውን ዝርዝር በአቅራቢያቸው ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መረዳት ይችላሉ።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ሊያስታውሷቸው የሚገቡ ነጥቦች፦

• ቀጠሮ ያለፈበት ሕፃን ክትባቱን ከመጀመሪያው እንዲጀምር አይገደድም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ጊዜው አልፏል በሚል ሥጋት ከመቅረት ይልቅ ወዲያውኑ መሄድ ይገባል።
• ቀላል ጉንፋን ወይም መጠነኛ ትኩሳት ክትባት ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። ውሳኔውን ለጤና ባለሙያ መተው ይመረጣል።
• ከክትባት በኋላ ቀላል ትኩሳትና በተወጋው ቦታ ላይ እብጠት ሊታይ ይችላል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በሕፃኑ ክብደት ልክ፣ በባለሙያ ትእዛዝ ነው። ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሕፃኑ ካንቀጠቀጠው ወይም መተንፈስ ካስቸገረው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።
• አሞክሳሲሊንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የክትባትን ቦታ አይተኩም። ኩፍኝንና ፖሊዮን የሚያመጡት ቫይረሶች በመሆናቸው እነዚህ መድኃኒቶች አይገድሏቸውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃናት መስጠትም ጉዳት አለው።
• የክትባት ካርድ በጥንቃቄ ሊያዝና ሕፃኑ ወደ ጤና ተቋም በሄደ ቁጥር አብሮ ሊቀርብ ይገባል።

ጄነር ያለ መዝገብ የቀረ ዕውቀት ለሌላው እንደማይደርስ በሥራቸው አሳይተዋል። የዛሬዋ እናት የያዘችው የክትባት ካርድም እንዲሁ የሕፃኗ መዝገብ ነው፤ የትኛው ዶዝ እንደተሰጠና የትኛው እንደቀረ በእርሱ ይታወቃል። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከወላጅ የሚጠበቀው ካርዱን ዛሬውኑ ተመልክቶ፣ ያለፈ ቀጠሮ ካለ ሕፃኑን ይዞ መሄድ ነው።