የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወትና የፊልሞቹ ጊዜ

በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ገብስ ዘሩ ጥሩ ስለ ሆነ ብቻ አያፈራም። ወቅቱን ጠብቆ ካልተዘራ ወይ ዝናሙ ያመልጠዋል፣ ወይ ውርጭ ይመታዋል። ይህ ሕግ ግን ለገበሬ ብቻ የተሠራ ይመስለን ነበር። አምና ጥቂት ጓደኛሞች አንዲት አጭር ቴአትር አዘጋጅተን በኅዳር መጨረሻ ዳባት ላይ ብናሳይ፣ የመጣልን ተመልካች ከተዋናዮቹ ቁጥር ብዙም አልበለጠም። ሕዝቡ አጨዳ ላይ ነበር፤ የነቢያት ጾምም ገብቶ ነበር። ያችኑ ቴአትር አንድ ቃል ሳንለውጥ በጥምቀት ሰሞን ደባርቅ ላይ ብናሳያት መቆሚያ ጠፋ። ቴአትሯ ያችው፣ ተዋናዮቹም እኛው ነበርን፤ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ሥራ ለሕዝብ የሚወጣበት ቀን ምን ያህል እንደሚያነሣውና እንደሚጥለው ስንከራከር ቆይተናል። ይህንንም ነገር በገዛ ሕይወቱ እንደ ቻርሊ ቻፕሊን አጥርቶ ያየ ሰው ስላላገኘን፣ ታሪኩን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ወደድን። የውጭውን ዓመት በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ቻፕሊን የተወለደው በሚያዝያ ወር 1889 ሎንዶን ውስጥ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ወር ያህል ሆኖ ነበር ማለት ነው። አባቱም እናቱም የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ በመጠጥ ተጐድቶ በ1901 ሞተ፤ እናቱ የአእምሮ ሕመም ስለ ያዛት ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ተንከራተተች። ሕፃኑ ቻርሊ ገና በሰባት ዓመቱ ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር ወደ ድኾች መጠለያ ገባ። ረኃብን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው አልነበረም። ኋላ ሰፊ ሱሪ፣ ጠባብ ኮት፣ ትልቅ ጫማ፣ ክብ ባርኔጣና ከዘራ አድርጎ ዓለምን ያሳቀው ከርታታ ሰው የተወለደው ከዚህ ኑሮ መካከል ነው።

በ1908 ወደ ፍሬድ ካርኖ የቀልድ ቡድን ገባ፤ ከቡድኑም ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1913 መጨረሻ ኪስቶን ለተባለው የፊልም ኩባንያ ለመሥራት ተቀጠረ። ያ ከርታታ በሕዝብ ፊት የታየው በየካቲት 1914 ነው። ዘመኑም አመቸው። ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ቋንቋ የማይለየው ሳቅ ከአገር ወደ አገር ያለ አስተርጓሚ ሄደ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ በሳምንት 10,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው ሆነ።

የጊዜን ነገር መጀመሪያ የፈተነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦር ጉድጓድ ውስጥ ስላለ ወታደር የሚያስቅ ፊልም ለመሥራት ሲነሣ፣ ወዳጆቹ ሰው በሚያልቅበት ሰዓት በጦርነት መቀለድ አደገኛ ነው ብለው መከሩት። እሱ ግን ሠራው። «ሾልደር አርምስ» የተባለው ይህ ፊልም በጥቅምት 1918 ወጣ፤ ጦርነቱ የቆመው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሕዝቡ ሐዘኑ ገና አልወጣለትም፤ መከራው ሊያበቃ መቃረቡ ግን ይሰማው ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች ሳይቀሩ ወደዱት። ምናልባት ከአንድ ዓመት በፊት ቢወጣ እንደ ስድብ ይቈጠርበት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢወጣ ደግሞ ጦርነትን ማስታወስ የሰለቸው ሰው ባላየውም ነበር ብለን እንገምታለን።

በፊልም ንግድ እንደ ልማዱ ከሆነ፣ ፊልሙ መቼና የት እንደሚታይ የሚወስነው ሠሪው ሳይሆን አከፋፋዩ ኩባንያ ነው። ቻፕሊን ይህን ስለ ተረዳ በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ጋር ሆኖ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በኋላ በገዛ ገንዘቡ ይሠራል፤ ሥራው ሲበስል ያወጣል። ማንም ቀን አይቈርጥለትም።

ይህ ነጻነት የጠቀመው በ1927 መጨረሻ ተናጋሪው ፊልም ሲመጣ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልም የሚሠራ ሰው ጠፋ። ቻፕሊን ግን ሦስት ዓመት ያህል ደክሞ «የከተማ ብርሃናት» የተባለውን ፊልም ያለ ንግግር፣ በሙዚቃ ብቻ አዘጋጅቶ በጥር 1931 አወጣ። ኒው ዮርክ ላይ የሚመቸውን ሲኒማ ቤት ቢያጣ፣ ራሱ አንድ ቴአትር ቤት ተከራይቶ አሳየው። በሁሉ ዘንድ ጊዜው አልፎበታል የተባለው ፊልም ብዙ ገንዘብ አስገባ። እንግዲህ ጊዜን ማወቅ ማለት የሰሞኑን ሞድ መከተል ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወደሚቀርበው እንመለስ። ቻፕሊን ከሂትለር የሚበልጠው በአራት ቀን ብቻ ነው፤ ጢማቸውም አንድ ዓይነት ነበር። በዚህ መመሳሰል ሂትለርን መሳለቂያ ለማድረግ ባሰበ ጊዜ ማንም አላደፋፈረውም። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ወራት ሂትለርን በማባበል ላይ ስለ ነበረ ፊልሙን እንደሚከለክል አስታወቀ። ቻፕሊን ግን ፈቃድ እስኪሰጠው አልጠበቀም። ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የራሱን ገንዘብ አፍስሶ በመስከረም 1939፣ ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ መቅረጽ ጀመረ። «ታላቁ አምባገነን» ኒው ዮርክ ላይ በጥቅምት 1940፣ ሎንዶን ላይ በታኅሣሥ ታየ። ሊከለክሉት የነበሩት እንግሊዞች በዚያ ሰዓት ከጀርመን አውሮፕላን ቦምብ እየተደበቁ ሄደው አዩት። ለቻፕሊን እስከዚያ ቀን ከሠራቸው ሁሉ የበለጠ ገቢ ያስገኘ ፊልም ሆነ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ናፓሎኒ የተባለ፣ ደረቱን የነፋና ጉራ የበዛበት ሰው አለ። ሙሶሊኒ ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ይህን ጊዜ አስቡት! ዓለም በሙሶሊኒ ሲስቅ የሙሶሊኒ ወታደር ገና እዚሁ ደጃችን ነበረ። አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከደባርቅ አጠገብ ያለውን የወልከፊት በር ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር ግን እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጐንደርም ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። ዛሬ በሊማሊሞ ቁልቁለት ስንወርድ ገደሉን አይተን እናደንቃለን እንጂ፣ አያቶቻችን በዚያ ገደል ሲዋጉ በሩቅ አገር አንድ ቀልደኛ ያንኑ ጠላት ያዋርድ እንደ ነበረ አናስብም።

ቻፕሊን ከጦርነቱ በኋላ፣ የእስረኞቹን ሰፈር ሰቈቃ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ፊልም ሊሠራ እንደማይችል ገልጿል። እንግዲህ ፊልሙ ሁለት ዓመት ቢቀድም ሎንዶን ትዘጋው ነበር፤ አምስት ዓመት ቢዘገይ ሠሪው ራሱ መሳቅ አይችልም ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረችው በር ጠባብ ነበረች። የገባባትም በሩ ሲከፈት ሥራውን ጀምሮ ስለ ተገኘ ነው።

ጊዜ ግን የማንም ሎሌ አይደለም። በ1947 ሚስቶቹን እየገደለ ገንዘባቸውን ስለሚወስድ ሰው የሚናገረውን «ሙሴ ቬርዱ» የተባለ ፊልም ቢያወጣ፣ አሜሪካ በኮሙኒስት ፍራቻ ተይዛ ነበርና ጋዜጠኞች ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ፖለቲካ አሳቡ ጠየቁት። ፊልሙም በዚያ አገር ወደቀ። በ1952 «ላይምላይት» የተባለውን ፊልም ሎንዶን ላይ ለማስመረቅ በመርከብ ሲጓዝ፣ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። ብዙ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን ለማሳየት እምቢ አሉ። እሱም ከሚስቱ ከኡና እና ከልጆቹ ጋር ስዊስ አገር ተቀመጠ።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ወደ አሜሪካ ቢመለስ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ ለረዥም ደቂቃ አጨበጨበለት። ያ የተገፋ «ላይምላይት» ሎስ አንጀለስ ላይ በደንቡ የታየው ገና በዚያ ዓመት ስለ ነበረ፣ በ1973 ለሙዚቃው ኦስካር ተሸለመ። በፊልሙ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ልብ ነው። በ1975 የእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕርግ ሰጠችው። በ1977 በፈረንጆች የገና ዕለት በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

የስሜን ሰው ይህን ነገር ከድሮም ያውቀዋል። ደጃዝማች ውቤ ለገዛ ንግሣቸው አዘጋጁት በሚባለው በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ሌላ ሰው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ድግሱን ያሰናዳ ሁሉ ቀኑን አያገኝም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ በበኩላችን ከቻፕሊን ሕይወት የተረዳነው ይህን ነው። ሥራን ከአጨዳ፣ ከጾምና ከፈተና ቀን ማራቅ ብልኅነት ነው፤ ይህንንም ዳባት ላይ በኪሳራ ተምረነዋል። ነገር ግን እውነተኛ ነገር ይዘን ጊዜው እስኪመች ብቻ እንቀመጥ ካልን፣ ጊዜው በመጣ ቀን በእጃችን ምንም አይገኝም። ገበሬውም ቢሆን ዝናም ሲጥል ማረስ አይጀምርም፤ ደመናው ሳይመጣ አርሶ፣ አለስልሶ ይጠብቃል እንጂ። የመጽሔታችን አንባቢዎችም በየዴስካቸው ውስጥ የደበቁትን ጽሑፍና ቴአትር ከወዲሁ እንዲያለሰልሱ እንለምናለን።