ዲግሪ ያልነበራቸው ሚኒስትር

ከደመወዛቸው ቀንሰው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚከፍሉ ባለሙያዎች ወጪው የሹመትና የደረጃ ዕድገት ያመጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነበር፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ተምረዋል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም። ከቤተ መንግሥት ያደረሳቸው ብዕራቸውና ንባባቸው ነው። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን ጎበኙ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ዜጎች የሚካሰሱበትንም ልዩ ፍርድ ቤት መርተዋል። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ፣ ዲግሪ ትርፍ ወጪ ነው ባልን ነበር። ነገር ግን እኚሁ ሰው ልጆቻቸውን በእስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ አስተምረው ፈቃደ ሥላሴን ኬምብሪጅ፣ ሲራክን ኦክስፎርድ ላኩ። በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም»ም በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው።

ታዲያ አባትየው ያለ ዲግሪ ከደረሱበት፣ ልጆቹ ለምን አስፈለጋቸው? በኅሩይ ወጣትነት ሹመት የሚገኘው ሥራን አይቶ በሚያውቅ ጌታ ነበር። ዲግሪ ግን ለማያውቀን ሰው የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ዛሬ ዕድገታችንን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ፊታችንን አይቶ የማያውቅ፣ ፋይላችንን ብቻ የሚያገላብጥ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የመሥሪያ ቤትን የደረጃ መመሪያ ማንበብ ይገባል። የምንፈልገው መደብ ዲግሪውን በግልጽ ከጠየቀ ወጪው መልሶ ይከፍላል። ካልጠየቀና የጎደለን ዕውቀት ብቻ ከሆነ፣ በብዙ ባነሰ ዋጋ በመጽሐፍ ይገኛል። ኅሩይ ሹመት ላይ ሆነው እንኳ ማንበብና መጻፍ አላቆሙም።

ወረራው ለአባትም ለልጅም አልራራም። ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. መስከረም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ዐረፉ። ሲራክ ተርፈው የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መለሱ። ዲግሪው ለሲራክ ወረቀት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ለአንባቢም ተርፏል። የትምህርት ክፍያም መመዘን ያለበት እንዲህ ነው፦ በወረቀቱ ከሚገኘው ደረጃ ባሻገር ምን ሥራ ያሠራናል?