የቻርልስ ዳው ሕይወትና የገበያው ሚዛን

የዓለም ዜና ሲነገር ዳው ጆንስ የሚባለውን የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ መለኪያ ስም ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም ስሙ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጌ የሰውየውን ታሪክ ከመረመርሁ በኋላ አሳጥሬ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ስለ ተከፈተ ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ዳው በ1851 በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ6 ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተበት ከፍተኛ ትምህርት ለመማር አልታደለም። ሆኖም ትጉህ ነበርና በ1872 በስፕሪንግፊልድ ከተማ በጋዜጣ ሥራ ተቀጠረ። በ1879 ወደ ኮሎራዶ ሄዶ ስለ ብር ማዕድን ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ኒው ዮርክ ገባ። በ1882 ከኤድዋርድ ጆንስና ከቻርልስ በርግስትሬሰር ጋር የዜና ድርጅት አቋቋመ፤ በ1889ም ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የገበያው ወሬ ብዙ፣ እውነቱ ግን ጥቂት ነበር። የአንዱ ኩባንያ አክሲዮን ሲወጣ የሌላው ይወርዳልና ገበያው በጠቅላላው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ዳው በ1884 የ11 ኩባንያዎችን ዋጋ ደምሮ አማካዩን አወጣ፤ ከእነርሱም 9ኙ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ነበሩ። በ1896 ደግሞ የ12 ኢንዱስትሪዎችን ዋጋ ደምሮ ለ12 ሲያካፍል 40.94 አገኘ። ማናችንም ልንሠራው የምንችል ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ለገበያው እንዲህ ያለ ሚዛን ያበጀለት አልነበረም።

ከ1899 ጀምሮ ስለ ዋጋ አካሄድ በጋዜጣው ጻፈ። ገበያውን በባሕር መሰለው፤ ዓመታት የሚቈይ ታላቅ ሙላት፣ ሳምንታትና ወራት የሚቈይ ሞገድ፣ በየቀኑም የሚታይ ትንሽ ንቅናቄ አለው አለ። የዋጋው ጫፍ ከቀድሞው ጫፍ፣ ዝቅታውም ከቀድሞው ዝቅታ ከፍ እያለ ከሄደ ገበያው ወደ ላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት አሳብ ሲወጣ የሰነበተውን መግዛት፣ ሲወርድ የሰነበተውን መሸጥ ለብዙዎች ደንብ ሆነ። ዳው ግን አሳቡ ሳይፈተን በ1902 በ51 ዓመቱ ሞተ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ከሞቱ በኋላ የሆነው ነው። በጋዜጣው የተተካው ዊልያም ሃሚልተን የዳውን አሳብ ይዞ እስከ 1929 ድረስ ስለ ገበያው ትንቢት ጻፈ። አልፍሬድ ኮልስ የተባለ ተመራማሪ የ26 ዓመቱን ጽሑፍ በ1933 መረመረ። ከ90 ትንቢቶች 45ቱ ሠምረዋል፤ 45ቱ ከሽፈዋል። ምክሩን የተከተለ በዓመት 12 በመቶ ሲያገኝ፣ አክሲዮን ገዝቶ ዝም ብሎ የተቀመጠው 15.5 በመቶ ባገኘ ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1998 ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ጽሑፍ እንደ ገና ሲመረምሩ፣ የሃሚልተን መንገድ አደጋው ያነሰ ስለ ነበር ያለ ጥቅም አይደለም አሉ። ጀጋዲሽና ቲትማንም በ1993 የ1965–1989ን ዋጋ ፈትነው፣ በ6 ወር ውስጥ ከሌሎች ይበልጥ የወጣውን ገዝቶ፣ የወረደውን ሸጦ 6 ወር መቈየት በዓመት 12 በመቶ ያህል ብልጫ እንደ ሰጠ አሳዩ። በ2009 ግን የወደቁት አክሲዮኖች በድንገት ሲያንሰራሩ ይኸው ደንብ ተከታዮቹን እጅግ አከሰረ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ያለፈውን ትርፍ ብቻ ተመልክቶ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ሣሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ደንቡ በወጣበት ዘመን ቍጥር ብቻ ሳይሆን በሌላም ዘመን ቍጥር ይፈተን፤ የሻጭና የገዢ ወጪም ከትርፉ ይቀነስ። በእኔ አስተያየት የዳው ታላቅነት ትንቢቱ ስለ ሠመረ አይደለም። የራሱ አሳብ የሚመዘንበትን ሚዛን በገዛ እጁ ሠርቶ ለተከታዮቹ ስለ ተወላቸው ነው።