ሊዮ ፌንደር፦ ከሬዲዮ ጥገና ሱቅ የተነሣው የድምፅ ማጉያ ሠሪ

በዓለም መድረኮች ስሙ በጊታርና በድምፅ ማጉያ ላይ ተጽፎ የሚታየው ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሙያው ሬዲዮ መጠገን ነው።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1909 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ግራ ዓይኑን አጣ። በኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ ቢማርም፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከሥራው ተሰናበተ። በ1938 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ።

ሙዚቀኞች የተበላሸ የድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ይመጡ ነበር። ፌንደርም የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚበላሽ ከእጁ ሥራ ተማረ። በ1945 ከአንድ ባልደረባው ጋር ማምረት ጀመረ፤ ባልደረባው ዕዳ ፈርቶ ሲወጣ ግን በ1946 ብቻውን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። የሠራቸው ማጉያዎች ጠጋኙን ያሰቡ ነበሩ፤ ውስጣቸው በቀላሉ ተፈትቶ ይወጣል፣ የቲዩቦቹ ዝርዝርም በሣጥኑ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል። በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ለገበያ አቀረበ። ቤዝማን የተሰኘው ማጉያው ደግሞ በ1962 በለንደን ለተሠራው የማርሻል ማጉያ መነሻ ሆነ።

በሕመም ተዳክሞ ዕድሜው ማለቁ ነው ብሎ ስላመነ፣ በ1965 ኩባንያውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ይሁን እንጂ ተፈውሶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ የጊታር ፋብሪካም መሠረተ። በኋላ የፓርኪንሰን በሽታ ቢይዘውም ከሥራ ጠረጴዛው አልራቀም። ማርች 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ።

የፌንደር አሮጌ ማጉያዎች ዛሬም ይጠገናሉ። አዲስ ቲዩብ ሲገባ፣ በብዙዎቹ ላይ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ መጠን ተለክቶ መስተካከል አለበት፤ ከበዛ ቲዩቡ ከልክ በላይ ግሎ ዕድሜው ያጥራል፣ ካነሰ ድምፁ ይሻክራል። ያረጁ ካፓሲተሮችም ይለወጣሉ።

በጅዳም ሆነ በመካ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገጥመው ባለሙያ ሁለት ነገር ሊያስተውል ይገባል። አንደኛ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የዚያ ዘመን ማጉያዎች በአብዛኛው ለ117 ቮልት ገደማ የተዘጋጁ ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ዘመን ያገለገለው 127 ቮልት ከዚህ ይበልጣል፤ አዲሱ 230 ቮልት ደግሞ እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት ዕቃውን ሊጎዳ ወይም ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ማጉያው ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል ይችላል፤ በአግባቡ ሳይራገፍና በመለኪያ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባበትም።